ያዝ፣ ለቀቅ

ሆባርት ዳር፣ ከተራራው ሥር፣ ሣሩን ውርጭ ነጭ ቀብቶት፣
የአንዲት ሴትዮ የቲማቲም ቤት፣ ግድግዳው ሁሉ መስታወት፤
ከጣሪያው በላይ ባሕር ዛፍ፣ ወገቡ የተሰነጠቀ፣
በነፋስ ሳይሆን በመጋዝ ሊወርድ ቀኑ የታወቀ።
(እነሱ ግን "ባሕር" አይሉትም፤ ባሕር ተሻግሮ አልመጣም፤
የኛው ተሰደደ እንጂ፣ እሱ ካገሩ አልወጣም።)

ላይ ቴሳ አለች፤ ቀበቶዋን ከግንዱ ዙሪያ ጠቅልላ፣
መጋዟን ከዳሌዋ ጎን እንደ ቁልፍ አንጠልጥላ።
ታች ግራንት አለ፤ ስልሳ ሁለት ዓመቱ፣ ጉልበቱ ዝናብ የሚያውቅ፤
አጠገቡ ኮርቢን፣ የትናንት ቅጥር፣ ጓንቱ የሚሸት ሱቅ ሱቅ።

"ስማኝ" አለ ግራንት፣ "ጉልበትህን ቤትህ ተወው።
ገመዱን ግንዱ ሥር ካለው ብረት ከበሮ ሁለት ዙር ጠምጥመው፤
ብረቱ ይሸከምልህ። እጅህ ላይ ግን እንዳትጠመጥም፣
የሚሮጥ ገመድ ጣት ይዞ ይሄዳል፤ አይመርጥም።
እግርህን ከጥቅሉ መሀል እንዳላየው፤ ካየሁትማ
ቅርንጫፉ ወደኛ ሲመጣ፣ አንተ ቴሳ ጋ ትሄዳለህ፣ ሽቅብ፣ ያለ ጫማ።
ደግሞ ያዝ ለቀቅ ነው። ያዝ ብቻ አይደለም። ገባህ?"

ኮርቢን ራሱን ነቀነቀ።
አልገባውም።

ትንሿ ቅርንጫፍ እንደ ጃንጥላ ተንሳፍፋ ወረደች።
ሁለተኛው ክንድ ወፍራም ነበር።
መጋዙ ጮኸ፣ ዝም አለ፤ እንጨቱ ተሰነጠረ፤
ኮርቢን መስታወቱን አየ፣ ገመዱን አንቆ ያዘ፣
ክንዱ ከጣሪያው አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ተንጠልጥሎ ቀረ።

"መስታወቱ ተረፈ!" አለ፣ ምስጋና እየጠበቀ።
"ተረፈ። አሁን ቀና በል።"

ዛፉ ገና ይወዛወዛል።
ቴሳ ግንዱን በሁለት እጇ አቅፋ፣ ግንባሯን ከልጡ ገጥማ፣
የራስ ቁሯ ወደ ጆሮዋ ተንጋዶ፣
ትንፋሿን ትለቅማለች።

"ያን ሁሉ ክብደት ስታቆመው፣ የት የገባ መሰለህ?
አልቆመም እኮ። በገመዱ ሽቅብ ወጣ።
መስታወት ይገዛል።"

ቴሳ አልወረደችም፤ ሌላ ሰው ይያዝልኝ አላለች።
ሦስተኛውን አሰረችና "ዝግጁ?" ብላ ተጣራች።
"ዝግጁ።"
ወዲያው አልቆረጠችም፤ ቁልቁል አየችው፣ አየችው፤
ከዚያ መጋዙን አስነሣች።

ወደቀ። ለቀቀው። ገመዱ ከበሮው ላይ አፏጨ፤
ጓንቱ ጋለ፤ ጣቶቹ ሊጨብጡ ፈለጉ፣ ከለከላቸው፤
ለቀቅ፣
ለቀቅ፣
አሁን ያዝ፣ ግን በቀስታ፣
ቆማ ለምትጓዝ አሮጊት ብሎ
አውቶቡስ ነጂ ፍሬኑን እንደሚረግጥ።
ቅጠሉ መጀመሪያ ሣሩን ነካ፣ ቀጥሎ ቀንበጡ፤
እንጨቱ መጨረሻ ላይ ጋደም አለ።

ከላይ ምስጋና አልመጣም።
ግራንት ጎንበስ ብሎ ቋጠሮውን ፈታ፤ ባዶው ገመድ ሽቅብ ሄደ፤
ኮርቢን የጓንቱን መዳፍ አሸተተ።
"ይሄኛው ይከብዳል" አለ ሽማግሌው። "ሦስት ዙር።"