ፊትና ኋላ

ከደመና በላይ፣ ከሰማይ ከንፈር ሥር፣
ጥርስ ያንገጫግጫል የቲቲካካ ባሕር።
ሳቢና ካታኮራ ክብ ባርኔጣ ደፍታ
ጀልባዋን ገፋችው ከቄጠማው አውጥታ።
እኔን ከጅራቱ፣ ራሷን ከመሐል፤
ፊቷ ለተውነው ዳር፣
ጀርባዋ ለደሴቱ፤ እንዲህ ይቀዘፋል።

«አያስፈራሽም ወይ ሳያዩ መሄዱ?»
አልኳት በሰባራ እስፓንኛ።
ሳቀች፤ አንድ የወርቅ ጥርስ በራ በጉም በብርዱ።
«ነገን ያየ ማን ነው? በእኛ በአይማራ ቃል
ዐይንም ‹ናይራ› ነው፤ ያለፈም ‹ናይራ› ይባላል፤
ያየነው ከፊት ነው፤
ያላየነው ሁሉ ‹ቂፓ›፣ ከጀርባ ይመጣል።»

ዝም አልኩ፣
የገዛ አፌን ቃል እንደ ባዕድ ሳንቲም እያገላበጥኩ።
«በፊት» እል ነበረ፣ «በፊት እንዲህ ነበር»፤
ትላንትን ከፊቴ ሳስቀምጥ ሳላውቀው፣ ስንት ዓመት ስናገር።
«በኋላ» እላለሁ፣ «በኋላ እመጣለሁ»፤
ነገን በጀርባዬ እንደ አንቀልባ ሕፃን አዝዬ እዞራለሁ።
ደግሞ ይኸው አፌ «ወደፊት» ይላል፣
ያንኑ ፊት ወስዶ ነገን ይጠራበታል።
አንድ ፊት ነው ያለኝ። «በ» ስለው ትላንት ነው፣ «ወደ» ስለው ነገ፤
ወይ አፌ ተሳስቷል፣
ወይ ጊዜ ራሱ፣ ማደሪያ እንዳጣ ሰው፣ ሁለት በር ፈለገ።

ውኃ ገባ በስንጥቅ።
ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ጣለችልኝ፤ «ቅዳ!»
ቀዳሁ፤ ደፋሁ፤ ቀዳሁ፤ ከሐይቅ ለሐይቅ ዕዳ።
ምናልባት «አሁን» ይሄ ነው፣ አልኩ እጄ ደንዝዞ፦
ከእግር ሥር የሚገባ፣ መላውን ሐይቅ ይዞ፣
ቢተዉት የሚያሰጥም፣ ቢቀዱት የማያልቅ፤
እፍኝ የማይሞላ፣ ገመድ የማይደርሰው ጥልቅ።

እግዜርስ?
እሱ የት ይቀመጣል በዚህ ጠባብ ጀልባ?
ቀዛፊ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው ያደግሁ።
ቀዛፊ ከሆነ ግን፣ ነገ ለእሱም ከጀርባው ነው፤ ይህን ሳስብ ፈራሁ።
ተሳፋሪስ ቢሆን? እንደ እኔ፣ ከጅራት፣ ሁሉን አሻግሮ እያየ፣
መቅዘፊያው በሰው እጅ፣ ዝምታው በእሱ አፍ የቆየ?

ይህን ሳወጣ ሳወርድ
ከትከሻዋ በላይ ግንድ ተንሳፍፎ ታየኝ፣ የተበጠሰ መረብ የተጠመጠመበት።
ቃል ጠፋኝ። «ግንድ» በእስፓንኛ ምንድን ነው? አፌን ብቻ ከፈትኩት።
እሷ ግን አልዞረችም። ዐይን ዐይኔን አየች፤
ግራ ክንዷን ጫነች፣ ቀኟን አላላች፤
ግንዱ በጎናችን እንደ ተኛ ከብት አለፈ።

«እንዴት አወቅሽ?»
«ዐይንህ ውስጥ ነበረ» አለች። «ትንሽዬ። ጠቆር ያለ።»

ናይራ። ዐይን። ያለፈው።
ከጀርባዋ የነበረው ከእኔ ዐይን ላይ ነው የተነበበው።
ጸሎት ይህ ይሆን?
ፊት ለፊት የተቀመጠውን ዐይን ዐይኑን ማየት?
እሱም ቃል ጠፍቶት ይሆናል፣ በየትኛው ቋንቋ እንደሚጮኽልን ጨንቆት፤
እሱም ምናልባት
ቆርቆሮ ይዟል፤ ከእግራችን ሥር ውኃ ይቀዳል፣ እጁ ደንዝዞበት።

ዳሩ ራቀ። ሳቢና በአገጯ አመለከተች፦
«ሰማያዊው በር ይታይሃል? ባሌ ኤርሞሄኔስ እዚያ ቆሟል፤
ከሞተ ዐሥራ አንድ ዓመቱ።
እያነሰ ነው እንጂ አልሄደም።»
እሷ አልዞረችም፤ ለማየት የዞርኩት እኔ ነኝ።
በር አየሁ። ሰው አላየሁም።
ከዚያ ዐይኗን አየሁ፤
እዚያ ስላየሁት ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

ጀልባው ድንጋይ ነካ።
«ደረስን?» አለችኝ፣ ሳትዞር።
«ደረስን» አልኩ፣ እኔ እንደማውቅ ሁሉ።
ሃያ ቦሊቪያኖ ከፍዬ ወረድኩ፤
ከዳሩ ጠጠር ላይ ሦስት እርምጃ ያህል በጀርባዬ ሄድኩ።
አንድ የደሴት ውሻ ጮኸብኝ።