ርግቦቹን ማን ይንገራቸው

ብርኖ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከሌሊቱ ስምንት፤
ትራም የለም በመንገዱ፣ ዝናም ብቻ ባስፋልት፤
ራድሚላ ተቀምጣለች ከስክሪኑ ፊት ለፊት።
ሰርቨሩ ዛሬም ወደቀ። ይኸው ሦስተኛ ሌሊት።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፤ አንድ ገጽ ከዚህ ማንሣት፣
ከወዲያኛው ማስቀመጥ፣ ማንም ሳያውቅበት።
ግን ገጹ ባለብዙ ነው፤ አንዱ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል፣
ስሙን ሳያስመዘግብ እጁ የያዘም ይኖራል።
ስለዚህ መጀመሪያ በሩን መቆለፍ፣
«እየተዛወረ ነው፤ ይጠብቁ» ብሎ መለጠፍ፣
እጆችን መቁጠር፤ ከታወቀው አንድ እንኳ ቢተርፍ
መተው ነው፤ ሰው የጨበጠው አይነጠቅም እንደ ጨርቅ ጫፍ።

ይህን ሁሉ አድርጋለች። ቁልፉም አለ፣ ቆጠራውም፤
ግን አንድ ቁጥር፣ ስምንት ባይት፣ በአዲሱ ቤት የለም።

አያቷ ኦታካር፣ የሞስት ሰው፣ ትዝ አሏት በመሃል፤
ከተማቸው የፈረሰው ለሥሩ ከሰል ሲባል፣
ቤተ ክርስቲያኑ ግን ድንጋዩ ሳይነቃነቅ
በሐዲድ ላይ ተጓዘ፣ ቀንድ አውጣ ቀድሞት እስኪስቅ።
የእሳቸው ሥራ ስንጥቅ መጠበቅ፣ ፉጨት ይዘው ባፋቸው፤
አንድም ቀን አልነፉትም፤ ይኸው ነበር ኩራታቸው።
ከዚያ ግን ድምፃቸው ይወርድና፦
«ርግቦቹን ማንም አልነገራቸው።
ሲመሽ ይመጡ ነበር ጣራው የነበረበት አየር ላይ፤
ይዞራሉ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ምንም በሌለበት ሰማይ።»

ራድሚላ ወንበሯን ገፋች።
ርግቦቹ!
ሰባተኛው ፕሮሰሰር ነው፣ የድሮውን አድራሻ በጉያው ይዞ የቆየ፣
ገጹ ከተገለበጠ በኋላ ባሮጌው ቤት ሲጽፍ የታየ።
ምን ያድርግ? ቤቱ ለቋል ብሎ የነገረው ማን አለ?
መንገሪያው መስመር ከመገልበጫው በታች ስለዋለ።

ሁለት መስመር አቀያየረች።
መጀመሪያ ንገር። ጠብቅ። ሁሉም «ሰማሁ» ይበል።
ከዚያ ብቻ ገልብጥ፤ ከዚያ ቁልፉ ይከፈት፣ ወረቀቱ ይነቀል።

ሙከራው እስኪነጋ ሮጠ፤ አልወደቀም። ዝናሙም አባራ።
ለለውጡ ምክንያት «ርግብ» ብላ ጻፈች፣ መልሳ ሰረዘችው፤
ስልኳን አነሣች፣ ላያቷ ልትነግር ይህን ሥራ።
ጣቷ ቁጥሩን ያውቀዋል፤ ዘጠኙንም አሃዝ ነካች።

አምና በጥቅምት እንደቀበሯቸው
ለጣቷ የነገረው የለም።

ጠራ። ተነሣ። አንድ የማታውቀው ልጅ፣ በእንቅልፍ ልብ፦
«ማንን ነው?»