የካፒቴኑ አማርኛ

ካራ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆ አቧራው ከሚጀምርበት፣
የታክሲው ረዳት «መጨረሻ!» ብሎ ከሚያወርድበት፣
ሙሴ ክሪኮር ይኖር ነበር፣ ጣሪያዋ በዛገ ቤት።
«ጣልያን! ጣልያን!» ይሉታል ልጆቹ፣ በአጥሩ ቀዳዳ፤
እሱ የእነሱኑ ጫማ ይሰፋል፣ በነፃ፣ ያለ ዕዳ።

ጣልያን አልነበረም።
እናቱ አርመን ናት፤ ሐለብ ወለደችው፣ በስደት መንገድ ላይ።
አባቱን ግን ጣልያን ነው፣ እዚሁ ፒያሳ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ከጫማ ሱቁ ደጅ ጠርቶ የወሰደው፤ ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።

ቴአትር ቤት ሥራ ሊለምን የገባ ዕለት፣ አፍንጫውን አዩና
ቡትስና ካስክ አልብሰው፣ «ካፒቴን ነህ» አሉትና፣
ሠላሳ ዓመት ካፒቴን! እድገት የለው፣ ዝውውር የለው፤
ረቡዕ በጥይት፣ ቅዳሜ በጎራዴ፣ እሑድ ሁለቴ ነው የሚሞተው።

እኔ አስታዋሽ ነበርኩ። ከመድረኩ ግርጌ፣ ከዚያች ጉድጓድ፣
ቃል ለጠፋው ሁሉ ስንቅ የማቀብል፣ እንደ መንገድ ጓድ።
ለእሱ ግን አንድ ቃል አላቀበልኩም። እንዲያውም ሲያሻው
የደራሲውን ሰዋስው አርሞ ነበር የሚመጣው።
ያ ሰው ነው እንግዲህ፣ ወርቁን ከሰሙ በጆሮው የሚለይ፣
አፉን በደሞዝ የሰበረ፦ «አንተ እኔ ይገድላል! አሁን ታይ!»
ሕዝቡ ይስቃል። እኔ ጉድጓዴ ውስጥ፣ ጥርሴን ነክሼ፣
ያንኑ ስብር ቃል በጣቴ እከተላለሁ፣ ኩራዜን ለኩሼ።

አንድ እሑድ፣ አርበኛው ጎራዴውን አንገቱ ላይ አሳረፈ።
ጽሑፉ «ማር እኔ! ማር እኔ!» ይላል። አላለም። ጊዜው አለፈ።
ጣቴ መስመሩ ላይ ነው። ላቀብለው ስል፣ ተንበርክኮ እንዳለ፣
ጥርት ባለ፣ ስብራት በሌለው፣ በራሱ አማርኛ፣
«የአባቴ ሱቅ በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ማን ይዝጋው ከእኛ?»
አለ።

አንድም ሰው አልሳቀ። ጎራዴው አየር ላይ ቀረ።
አዘጋጁ አሥር ብር ቀጣው፣ «ከጽሑፍ ውጭ ስለተናገረ»።

ባለፈው ኅዳር፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ
(ያኔ በአጥሩ ቀዳዳ «ጣልያን!» ሲል ያደገ ለፍላፊ)
ከደጄ ደርሶ ነፋና፣ «ሙሴ...» አለና ቆመ፤
ስሙ ጠፋው መሰለኝ፣ «ሙሴ... ሙሴ...» ብሎ ደገመ።
መስኮቴን ገርበብ አድርጌ፣ በሹክሹክታ፣ እንደ ልማዴ፣
«ክሪኮር» ብዬ አቀበልኩት።
ለእሱ ቃል ያቀበልኩት ይኸው ነው፤ ይህቺው፣ አንዴ።