የክንድና የቁርጭምጭሚት ሒሳብ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ጊቫት ኦልጋ፣ የሰፈሩ አዳራሽ፤
ከእሑዱ ድግስ የቀረ ፊኛ ጣሪያው ሥር ግማሽ በግማሽ
ተንፍሷል። ከታቹ ሁለት አልጋ፣ አንድ መጋረጃ፣
ለእያንዳንዱ ወንበር ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ማስረጃ።
በመስኮቱ ባሕሩ፤ ባሕሩ ዳር የመብራት ኃይሉ
ረጃጅም ጭስ ማውጫዎች፣ ወረፋ እንደሚጠብቅ ሰው ይታያሉ።

ነርሷ ላሪሳ ናት። ዕብራይስጧ ከሩስያ በረዶ አልተላቀቀም፤
የእኔም ከጎንደር አፈር። ግድ የለም፣ «ልብ ቋንቋ አይጠይቅም»
ይባላል። ውሸት ነው። ይጠይቃል።
እኔን የቀጠሩኝ ለዚሁ ነው፤ ልቆም፣ ከሁለት አፍ መሃል።

«ልባቸውን ያማቸዋል? ጠይቂልኝ» ትላለች፤
ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ነው፣ መልስ ትጠብቃለች።
«የትኛውን ልቤን?» አሉ ወይዘሮ ይሽመቤት፤ «ልጄ ጦር የገባ ዕለት የራደውን?
ወይስ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ከነዘንቢሌ የሚያስቆመኝን?»
ወረቀቱ ሁለት ሣጥን አለው፤ «ያማል» እና «አያምም»።
የደረጃውን ተረጎምሁ።
ለሌላው ልብ ሣጥን የለም።

ቀጥሎ አያ ጥጋቡ። ክንዳቸውን ሰጡ፣ ምንም አላሉ፤
ጫማ ያውልቁ ሲባሉ ግን፣ «እግር ከልብ ምን አገናኘው?» አሉ።
«የእግር ሥር ከጠበበ የልቡም ሊጠብ ይችላል ትላለች፤
የክንድዎን ከቁርጭምጭሚትዎ ጋር ሒሳብ ትሠራለች።»
«ሒሳብ!»
ካልሲውን ቀስ አድርገው ገፈፉት፣ ምሥጢር እንደሚያወጣ ሰው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ብርቱካን ማሸጊያ ቆሞ የዋለ እግር ነው፣
እንዴት ነህ ተብሎ የማያውቅ።

ላሪሳ ቅባት ቀባች፤ ብዕር የምታህል መሣሪያ አሳረፈች፣
ወዲህ አለች፣ ወዲያ አለች፣ አጥንቱ ሥር ፈለገች፤
ሽው... ሽው... ሽው...
ወረፋው ሁሉ ዝም አለ።
«ምንድን ነው እሱ?»
«ደምዎ ነው፣ አያ።»
«ይኸን ሁሉ ዘመን ሲሄድ ድምፅ ነበረው እንዴ?» ብለው
ወደ ገዛ እግራቸው አዘነበሉ፣ የሩቅ ጠሪ እንደሚሰማ ሰው።

ግራው ላይ ድምፁ ሰለለ።
ደግማ ፈለገች። ፊቷ ምንም አላለ፤
ቁጥሩን ስትጽፍ ብቻ እጇ ከወትሮው ቀስ አለ።

እኔም ቃል ፈለግሁ። ጠበበ ልበል? ታነቀ? ደከመ?
ሥር ስንል ዛፍም አለ፣ ዘመድም አለ፣ ይኼ ግን ሌላ ነው፣ የታመመ።
«የግራው ሥር ጠቧል» አልሁ፤ «ሐሙስ ሐኪም ያየዎታል፣ ቁፓት ሖሊም።»
አያ ጥጋቡ ዝም። ቆይተው፦
«ምኩራብ ስሄድ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ፣ እምቢ የሚለኝ ለዚህ ነው?
እኔኮ ስንፍና መስሎኝ ነው፤
ስንት ዓመት ስሰድበው ኖርሁ።»
ቅልጥማቸውን ዳበሱት፣ ያለ ጥፋቱ የገረፉትን ልጅ
እንደሚያባብል ሰው፣ በዚያ በሸካራ እጅ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አስናቀች፣ አንቺስ ተለክተሻል?»
መታወቂያዬ ኦስናት ይላል። አያ ጥጋቡ ግን እናቴ ያወጣችልኝን ያውቃል።
«እኔ ሠራተኛ ነኝ፣ አያ።»
«ሠራተኛ ሥር የለውም?»
ወረፋው ሳቀ። ላሪሳ ሳትጠይቀኝ ገባት፤ ወንበሩን በእግሯ ገፋችልኝ።
ተቀመጥሁ። ጨርቁ ክንዴን ጨመቀ፣ ጨመቀ፣ ያዘኝ፣
እንደ ባለ ዕዳ ያዘኝ፤
ፈታኝ።

ላሪሳ ቁጥሩን ተናገረች። መቶ ስድሳ በዘጠና ስምንት።
እኔ እንደ ልማዴ ለመተርጎም ወደ ጎኔ ዞርሁ፣
አፌን ከፈትሁ፤
ወንበሩ ላይ ያለሁት እኔ ነኝ።

ፊኛው ጣሪያው ሥር ዞር አለ፣ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ነፋስ።
«ምን አለች?» አሉኝ አያ ጥጋቡ፣
ግራ ካልሲያቸውን በእጃቸው እንደያዙ።