ሁለተኛው ጆሮ

ከፊንላንድ ድንበር ወዲህ፣ ጥድ ከጥድ ገጥሞ በቆመበት፣
ኢላማ የሚሉት መንደር አለ፣ መሬቱ ድንጋይ የጸነሰበት።
ድንጋዩን ላየው ግራጫ ነው፤ የከሰል አመድ የመሰለ፣
እንደ ተረሳ ምድጃ፣ ቀዝቅዞ ያደረ፣ ቀዝቅዞ የዋለ።
ጥቂት ዘንበል ሲያደርጉት ግን ከሆዱ ሰማያዊ ይነሳል፣
የጣዎስ አንገት ይሆናል፤ ጥቂት ሲያዞሩት፣ መልሶ ይከስማል።

ሂልካ ከዚህ ድንጋይ ጋር ሃያ በረዶ አሳልፋለች፤
እኔ አለሰልስላታለሁ፣ እሷ ሽቦ ታለብሳለች።

ሽቦው ከሱቅ አልመጣም።
ባሏ ታውኖ የስልክ ሠራተኛ ነበር፣ ምሰሶ ለምሰሶ የሚወጣ፤
ኩባንያው አየር ይበቃናል ብሎ የመዳቡን መስመር ሲያወጣ፣
ሦስት ጥቅል ተሸክሞ ገባ። «ምን ልታደርግበት?» አለችው።
«የሰው ድምፅ ያለፈበት አይጣልም» ብሎ ከጎተራ አኖረው።
ዛሬ እሱ የለም። ጥቅሉ አለ።
ስትቆርጠው አንዳንዴ እሰማታለሁ፦
«ይቺ ክንድ ከላፔንራንታ የተጠየቀች የድንች ዋጋ ናት፤
ይቺ ደግሞ፣ እንጃ፣ ሁለት እህትማማች የተኳረፉባት።»

ንድፍ ስታወጣ እርሳስ አይቀድምም፤ ድንጋዩ ነው የሚቀድመው፤
ወረቀት ላይ ታጋድመዋለች፣ መብራት ነው የሚመረምረው።
ታዞራለች። ትጠብቃለች። ሰማያዊው ብቅ ሲል በድንገት፣
በጥፍሯ ወረቀቱን ትጭራለች፦ «እዚህ ራስ፣ እዚህ አንገት።»
በእሳት አግላ ስትነክረው ሽቦው ጮሆ ዝም ይላል፤
ከዚያ ወዲያ እንዳሉት ነው፣ እንደ ክር ይታዘዛል።
አንድ ዙር። ሁለት ዙር። ሦስተኛው ላይ ትንፋሿን ትይዛለች።
ብታጠብቀው ጠርዙ ይሰበራል፣ ብታላላው ይወድቃል፤
ልኩን ጣቷ ነው እንጂ አፏ መች ያውቃል?
በመጨረሻ ከአናቱ ላይ ማንጠልጠያ ትጠመዝዛለች፤
«ጆሮ የሌለው ድንጋይ ከማን አንገት ይውላል?» ትለኛለች።

በጥቅምት ቬንላ መጣች፣ ሠርጓ ሳምንት ሲቀረው፤
ያዘዘችውን አንገቷ ላይ አድርጋ መስታወቱን ጠየቀችው።
«ሂልካ፣ ይሄ ግራጫ ነው።» ግራጫ ነበር፤ ማን ይዋሻል?
«አንገትሽን ደፋ አድርጊ።» ደፋች። ደረቷ ላይ ሐይቅ ይነድዳል።
«ፊት ለፊትሽ ለሚቆም አይደለም፣ ላንቺ ነው ያዞርኩት፤
አንገት የሚደፋበት ቀን አለ፣ ለዚያ ቀን ነው ያሰብኩት።»

ቬንላ ሳቀች። ክፋት የላትም፣ ሃያ አራት ዓመቷ ነው።
«በሠርግ ቀን ማን ያቀረቅራል? ለፎቶ ነው የምፈልገው።»

እኔ ደሜ ፈላ። የሁለት ቀን ሥራ!
ሂልካ መቁረጫውን አነሳች።
ጠቅ። ጠቅ።
ጠቅ።
መዳቡ እንደ ጥፍር ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ፣
ያ ሁሉ የሰው ወሬ፣ ካሽከርካሪው ዘይት ጋር ታቀፈ።

ሌሊቱን አዲስ ሽቦ ስባ፣ ድንጋዩን ገልብጣ አሰረችው፤
ሰማያዊው ወደ ካሜራው፣ ወደ እንግዳው፣ ኢላማውን እንዳይስተው።
ጠዋት ሳጥኑን ልዘጋ ስል አንድ ነገር ዓይኔ ገባ፤
ከግርጌው፣ ከጥምዙ መሃል፣ እንዳልፈነዳ አበባ
ሌላ ጆሮ ተጠቅልላ ተኝታለች፤
ድንጋዩን ቁልቁል ለሚያንጠለጥል ሰው፣ በትክክል ትበቃለች።
«ይቺስ?» አልኳት።
«ጌጥ ናት» አለችኝ፣ መነጽሯን እየወለወለች።

ቬንላ ተደስታ ሄደች። ሙሉ ዋጋ ከፈለች።
ስለ ግርጌዋ ጆሮ ማንም አልነገራት።

ሂልካም አንገቷ ላይ አንድ ድንጋይ አለ፣
በታውኖ ሽቦ የታሰረ፣ ጠርዙ በእድሜ የዶለዶመ።
ሰባት ዓመት ከፊቷ ተቀምጬ፣ አንድም ቀን ሲበራ አላየሁም፤
ግራጫ ነው።
እሷ ግን ሥራ ላይ ቀና ብላ አታውቅም።