ቫይኮያ

ከጥዶቹ ጀርባ፣ በኢስቶኒያ ምድር፣
አንድ ቡናማ ውሃ ከረግረግ ሲጀምር
እርምጃ አይሞላም፤ ጥጃ ይዘለዋል፤
ወፍጮው ድልድይ ሥር ጥቂት ያጉረመርማል፤
ከዚያ ትልቁ ወንዝ ስሙን ሳይጠይቅ ይውጠዋል።

ላይኛው እርሻ ላይ ሌይዳን ብትጠይቋት፣
«‹ቫይክ› ዝምታ ነው፤ የነገረችኝ እናቴ ናት።»
ከወዲያ ሄልዱር ግን፣ ጥድ ሲፍቅ የኖረ፣
«ሙጫ ነው!» ይል ነበር፣ እጁ እንደጠቆረ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ቃል ተጣልተው
ማዶ ለማዶ ኖሩ፣ ውሃውን መሃል ትተው።

ቀያሽ መጣ አንድ ሰኔ።
እነሱ ውሃ ሲቀዱ
እሱ ስም ቀዳ።
ካርታው ሲታተም ግን ስሙ ከወንዙ ረዘመ፤
ሰማያዊው መስመር አለቀና
ሁለት ፊደል ተርፎ የሰው ድንች ማሳ ላይ ተጋደመ።
ትርጉሙን አልጻፈም።

በመጋቢት በረዶው ሲሰነጠቅ ወንዙ ይጮሃል።
በየዓመቱ ሌይዳ ያኔ መስኮቷን ትዘጋለች፤
እንዳይሰማባት ይሆናል።
ዘንድሮ ሄልዱር የለም። ከፍታው አመሸች፤
ውርጩ እየገባ፣
«ሙጫ ይሁን፣ በቃ» አለች።