ሳይረጋ የቆየ

ጽፋት፣ በኪስሌቭ ወር፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣
ከኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከራዳሩ ቤት፣
ማሞቂያው ሲያጉረመርም፣ እኔ ደመና ስቆጥር።
ተረኛ ነኝና፤ ደሞዜ ነው፣ የለውም ምሥጢር።

ሰው ይመስለዋል ውኃ ዜሮ ላይ የሚረጋ፤
እኔም እንደዚያው ነበርኩ፣ ወደዚህ ሥራ ሳልጠጋ።
እዚያ ላይ ግን ጠብታው አለ፣ ከዜሮ በታች ዐሥር፣
ብርዱ እየገረፈው፣ ውኃ እንደሆነ፣ ሳይታሰር።
መርጋት ጠልቶ አይደለም፤ የሚይዘው አጥቶ ነው፣
አንዲት ቅንጣት ትቢያ፣ «እዚህ ላይ ቁም» የምትለው።

ትቢያዋ ስትደርስ ይይዛል። በረዶ ይሆናል።
ከብዶት ቁልቁል ሲወርድ ሌላውን ጠብታ ይለጥፋል፤
የተለጠፈው ከውጭ ይጀምራል፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያወጣል፣
ውስጡ ገና ውኃ ነው፤ ሲረጋ ያብጣል፣
መውጫ ይፈልጋል፣
ቅርፊቱ ጧ!
ስንጥሩ ይበተናል፤ እያንዳንዱ ስንጥር የራሱን ጠብታ ፍለጋ።
አንዱ ዐሥር፣ ዐሥሩ ሺህ፣
ሻይዬ ሳይቀዘቅዝ ደመናው ሌላ ነው።
ከሦስት እስከ ስምንት ነው፣ ከዜሮ በታች፣ ለዚህ የሚመቸው፤
ለምን እንደሆነ ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኔ አልገባም በመካከላቸው።

ግሪሻ ደወለ ከታችኛው ጣቢያ፦
«አየኸው አቧራውን? ከሱዳን ነው፣ በቀይ ባሕር ላይ የወጣ።
ጥሩ ነው» አለ፣ «ለበረዶ።»

ጥሩ ነው። አዎ።
ሱዳንን በእግሬ ነው የማውቃት፣ በዘጠኝ ዓመቴ፤
ዐሥራ ሁለቷ ነበር ትርንጎ፣ ታላቅ እህቴ።
ውኃ ብላ፣ ውኃ ብላ፣ ሊነጋ ሲል ዝም አለች።
አባዬ በእጁ ማሰ። ለምልክት የሚሆን ድንጋይ ጠፋ፤
ከኋላችን ነፋስ ነበር፣ መሬቱን የሚገፋ።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጣለ። ካፖርቴን ረስቼ ወጣሁ።
እሷ ነች አልልም። ሱዳን ሰፊ አገር ነው፣
ትቢያም ትቢያ ነው።
ግን እያንዳንዷ ጠብታ በረዶ ነበረች፣
ከበረዶም በፊት
አንዲት ቅንጣት፣ ዙሪያዋን ውኃ የለበሰች።
አንገቴን ቀና አድርጌ አፌን ከፈትኩ፣
እንደ ልጅ።

ከዚያ ገብቼ፣ እጄን በሱሪዬ አድርቄ፣ መዝገቡን ሞላሁ፦
ዝናብ፣ ከዐሥራ አንድ እስከ ዐሥራ ሁለት፣ ሰባት ሚሊ ሜትር።
የአቧራው ምንጭ፦ ደቡብ።
ከዚያ በላይ ቦታ የለውም ቅጹ።